የጓሮ የኮይ ኩሬ በሰሜን ሸዋ፦ ጽዳቱ ቀላል እንዲሆን የትኛውን እንምረጥ?

የኮይ፣ ማለትም ለቀለሙ ሲባል የሚያዝ የካርፕ ዘር ዓሣ፣ ኩሬ ሲታሰብ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ቅርጹ፣ ስለ ድንጋዩ አደራደርና ስለ ፏፏቴው ነው። ቆሻሻው የሚወጣበት መንገድ ከቁፋሮው በፊት ካልተወሰነ ግን ባለቤቱ በየወሩ ዓሣዎቹን በባልዲ እያወጣ ወለል ሲጠርግ ይኖራል። የዓሣው ኩስ፣ ሳይበላ የቀረ መኖና ከዛፍ የረገፈ ቅጠል ሁሉም ወለል ላይ ይተኛል፤ እዚያው ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ አሞኒያ ይለቃል። ስለዚህ ከታች ያሉትን አማራጮች በሙሉ የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ዝቃጩ በራሱ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል ወይ? ከተሰበሰበስ በኋላ ባልዲ ሳይነሳ ይወጣል ወይ?

ለስሌት እንዲያመች ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር የሆነ ኩሬ እንያዝ። የሚይዘው ውሃ 7.2 ሜትር ኩብ ወይም 7,200 ሊትር ነው። ለኮይ ከዚህ ያነሰ አንመክርም። ዓሣው ሲያድግ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ትንሽ ውሃ ደግሞ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት አንድ ዓይነት ኩሬ አይፈልጉም

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። በደጋው ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። በቆላው ችግሩ ሙቀት ነው። የሚገርመው ሁለቱም ቦታ በኦክስጅን በኩል አንድ ላይ መገናኘታቸው ነው። ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንስ 15 ዲግሪ የሆነ የደብረ ብርሃን ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል ቢሆን 10 ይይዝ ነበር። 26 ዲግሪ የደረሰ የሸዋ ሮቢት ውሃም በሙቀቱ ምክንያት እዚያው 7 ላይ ይቆማል። ኮይ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድበት መጨነቅ ይጀምራል። ትርፉ ጠባብ ነው ማለት ነው። ከውጭ በተጻፉ መመሪያዎች ላይ የተጠቀሰውን የዓሣ ብዛት እንዳለ ወስዶ እዚህ መጨመር ንጋት ላይ ዓሣዎቹን አፋቸውን ከውሃ በላይ ከፍተው ሲያለከልኩ ለማየት ያበቃል።

ቦታ ሲመረጥ ከባሕር ዛፍ ሥር መራቅ የግድ ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል፣ ዘይቱና ታኒኑ ውሃውን ያጠቁራል፣ ሥሩም ግድግዳ ፈልጎ ይመጣል። በቆላው ግን ከቀትር በኋላ ያለውን ፀሐይ የሚከለክል ጥላ ያስፈልጋል፤ ከዛፍ ይልቅ ከእንጨትና ከሸምበቆ የተሠራ ዳስ ይሻላል፣ ቅጠል አያወርድምና።

ኮንክሪት፣ ጂኦሜምብሬን፣ የመረሬ ጭቃ ወይስ ሮቶ?

በደጋው አብዛኛው ጓሮ መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ይህ ጠባዩ ምርጫውን ግማሽ ያህል ይወስነዋል።

ኮንክሪት ጠንካራና ለማጽዳት ምቹ ነው፤ ጥሩ ልስን ያለው ወለል ዝቃጩን አይዝም። ነገር ግን በመረሬ ላይ በቀጥታ የፈሰሰ ወለል በሁለትና ሦስት ክረምት ውስጥ ይሰነጠቃል። ኮንክሪት የሚፈልግ ሰው ከወለሉ በታች ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር መረሬ አውጥቶ በገረጋንቲ (በማያብጥ ጠጠራማ አፈር) መተካትና በ20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እያረጠበ መጠቅጠቅ አለበት። ከግድግዳውም ጀርባ እንዲሁ 30 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ ይሞላል፤ ያበጠው አፈር ግድግዳውን ሳይገፋ የሚተነፍስበት ቦታ ያገኛል። ወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ድብልቁ 1 ሲሚንቶ ለ2 አሸዋ ለ3 ጠጠር። ለኛ ኩሬ ከግድግዳው ሥር ጋር 3.4 በ2.4 ሜትር ወለል ይፈሳል፤ ለእርሱ ብቻ 50 ኪሎ የሚይዝ ሲሚንቶ ወደ 9 ከረጢት ይገባል። ግድግዳው በብሎኬት ከሆነ ቀዳዳዎቹ በፌሮና በኮንክሪት ይሞሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚፈስ ኮንክሪት በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ውርጭ ካገኘው ላዩ ይፈረፈራል፤ ማታ ማታ በጭድና በላስቲክ ይሸፈን።

የኮንክሪት ሌላው ጣጣ ኖራው ነው። አዲስ ሲሚንቶ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነቱንና የአልካላይነቱን ልክ) ከ9 በላይ ያወጣዋል፤ በዚያ ውሃ ዓሣ አይተርፍም። ገንዳው ከተሞላ በኋላ ሳምንት ቆይቶ ይፈስሳል፣ ይህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ለኛ ኩሬ ይህ ብቻ ከ21,000 ሊትር በላይ ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ቁጥር አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ጂኦሜምብሬን በሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም፤ የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም በየገበሬው ጓሮ ተነጥፎ ያየነው ጥቁር ላስቲክ ነው። ከመሬቱ ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ለመረሬ የተሻለው ምርጫ ይህ ነው፤ የሲሚንቶ ኖራ የለበትም፣ ከተነጠፈ ማግስት ውሃ ይሞላበታል። መጠኑን ለማግኘት በርዝመቱና በወርዱ ላይ የጥልቀቱ እጥፍና 60 ሴንቲ ሜትር ለጠርዝ ይጨመራል፤ 3 + 2.4 + 0.6 = 6 ሜትር፣ 2 + 2.4 + 0.6 = 5 ሜትር፣ በድምሩ 30 ካሬ። ውፍረቱ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነው በእጅ ይታጠፋል፤ 1 ሚሊ ሜትሩ ለማዕዘን እምቢ ስለሚል በሙቀት የሚበይድ ባለሙያ ይፈልጋል። ሰማያዊ የሸራ ላስቲክ ግን አይገዛ። የደጋው ፀሐይ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ያደርቀዋል።

የጂኦሜምብሬን ድክመቱ ሦስት ነው። አንደኛ እጥፋቶቹ፤ በማዕዘን የሚፈጠር እጥፋት ሁሉ ዝቃጭ ይይዛል፤ ስለዚህ ትርፉ ላስቲክ ተበታትኖ ከመታጠፍ በየማዕዘኑ አንድ ትልቅ እጥፋት ሆኖ ግድግዳው ላይ ጠፍጥፎ ይያዝ። ሁለተኛ ፍልፈል፤ ፍልፈል በሚያስቸግርበት ጓሮ ላስቲኩ በቀጥታ አፈር ላይ ከተነጠፈ ከሥር ይበሳል። ሦስተኛ የክረምት የከርሰ ምድር ውሃ፤ በነሐሴ መረሬው ሲጠግብ ከሥር የሚገፋ ውሃ ላስቲኩን እንደ ፊኛ ይነፋዋል፣ በተለይ ኩሬው ለጽዳት ከተራቆተ። ለዚህ መፍትሔው ከወለሉ ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር አልብሶ የተሸነቆረ ቱቦ ወደ ቁልቁለቱ ማውጣትና በክረምት ኩሬውን ፈጽሞ አለማራቆት ነው።

የጭቃ ኩሬ፣ ማለትም መረሬውን ራሱን አርጥቦና ጠቅጥቆ ውሃ እንዲይዝ ማድረግ፣ ርካሽ ነው፤ ለምግብ ዓሣም ይሠራል። ለኮይ ግን አይሆንም። ኮይ የካርፕ ዘር ነው፤ አፉን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ምግብ ሲፈልግ ይውላል። ውሃው ዓመቱን ሙሉ ደፍርሶ ይኖራል፣ ያ ሁሉ ቀለም የተገዛለት ዓሣም አይታይም።

ሮቶ ለጥቂት ወርቃማ ዓሣዎች ከመሬት በላይ ይቀመጥ። ከተቀበረ ያበጠ መረሬ ጎኑን ያጎብጠዋል፤ ባዶውን ክረምት ካገኘውም ከጉድጓዱ ተንሳፍፎ ይወጣል።

ለደጋው ከሁሉ የምንመርጠው ቅይጡን ነው፤ በሲሚንቶ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ፣ በውስጡ ጂኦሜምብሬን። ድንጋዩ በአካባቢው ሞልቷል፣ ግንበኛውም አለ። ግድግዳው ፍልፈሉን ይከለክላል፣ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ዝቃጭ የሚያርፍበት ተዳፋት አይኖርም፤ ግንቡ ትንሽ ቢሰነጠቅ እንኳ ላስቲኩ ውሃውን ይዞ ይቆያል። በድንጋዩና በላስቲኩ መካከል ግን ግድግዳው በአሸዋና በሲሚንቶ ተለስኖ ጆንያ ይደረብበት፤ የአንድ ሹል ድንጋይ ጫፍ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል አፈሩ መረሬ ካልሆነ ኮንክሪቱ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጂኦሜምብሬን ከሆነም ከውሃ በላይ የሚቀረው ጠርዙ በጠፍጣፋ ድንጋይ ከፀሐይ ይሸፈን።

ግድግዳውን ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ በሁሉም ምርጫ ይጠቅማል። የክረምት ጎርፍ፣ ቅጠልና ዶሮ አይገባም፤ ለሕፃናትም የመጀመሪያው መከላከያ ነው። ትንሽ ልጅ ያለበት ግቢ ግን በዚህ አይብቃው፤ አጥር ወይም ጠንካራ መረብ ይጨመርበት። በደጋው ከዚህ በላይ ማውጣት ሌሊት ቅዝቃዜውን በጎን ያስገባል። በላይኛው በኩል ደግሞ ገበሬው በማሳው እንደሚያወጣው ፈሰስ መቀደድ አለበት፤ የመረሬ ጎርፍ አንዴ ከገባ ውሃው ለሳምንታት አይጠራም።

ወለሉና መውጫው

ገንዘብ ካነሰ ከፏፏቴው፣ ከመብራቱና ከጌጡ ይቀነስ፤ ከመውጫው ግን አይቀነስ። ወለሉ ከአራቱም አቅጣጫ ወደ አንድ ቀዳዳ በየሜትሩ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ። ጠፍጣፋ ወለል ያለው ኩሬ መውጫ ቢኖረውም የሚያወጣው በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ብቻ ነው። ወለል ላይ ጠጠር ወይም አሸዋ መበተንም ይቅር። ለዓይን ያምራል፤ ግን ከሥሩ የሚበሰብሰውን ዝቃጭ ለማውጣት ጠጠሩን መዛቅ ያስፈልጋል።

ለመውጫው ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው የወለል ቱቦ ነው። 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ከወለሉ ቀዳዳ ተነስቶ በግድግዳው ሥር አልፎ ከውጭ ወዳለ ፖዜቶ (ክዳን ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ) ይገባል። ፖዜቶው ውስጥ ጌት ቫልቭ መግጠም ይቻላል፤ የተሻለው ግን ቫልቭ የሌለው አሠራር ነው። ቱቦው በክርን ወደ ላይ ይታጠፍና ሳይጣበቅ የሚነቀል ቀጥ ያለ ቱቦ ይሰካበታል፤ የዚህ ቱቦ ቁመት ከኩሬው የውሃ ልክ ጋር እኩል ይቆረጣል። በሳምንት አንድ ጊዜ ቱቦውን ነቅሎ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ መጠበቅ ነው፤ የወለሉ ዝቃጭ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ውሃው ሲጠራ መልሶ መሰካት። ሌላም ጥቅም አለው። ዝናብ ኩሬውን ሲሞላው ትርፉ በዚሁ ቱቦ አናት ይፈስሳል፤ የሚወጣውም ከላይ ያለው ንጹሕ ውሃ ሳይሆን ከወለል የመጣው ነው። አደጋው ቱቦው በድንገት ከተነቀለ ኩሬው መራቆቱ ነው፤ ስለዚህ የፖዜቶው ክዳን ይቆለፍ።

ይህ የሚሠራው ግቢው ቁልቁለት ሲኖረው ነው፤ ከፖዜቶው የሚወጣው ቱቦ ከኩሬው ወለል ዝቅ ወዳለ ቦታ መድረስ አለበት። በጂኦሜምብሬን ኩሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ላስቲኩና የመውጫው አንገት የሚገናኙበት ቦታ ነው። የአሠራሩ ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ የመውጫው ዕቃ መጀመሪያ በኮንክሪት ይያዝ፣ ላስቲኩ ከላይ ይነጠፍና ጥቂት ውሃ ገብቶበት ቦታውን ይያዝ፣ ከዚያ በጎማና በሲሊኮን መካከል ተደርጎ ክዳኑ በማይዝግ ብሎን ይጥበቅ፤ ቀዳዳው የሚቆረጠው ከሁሉ በኋላ ነው። ቀድሞ የተቆረጠ ላስቲክ ውሃ ሲጫነው ይሳባል፣ ቀዳዳውም ከቦታው ይሸሻል።

ሁለተኛው መንገድ በጎማ መሳብ ነው። ላስቲኩን መብሳት ለማይፈልግ፣ ግቢው ግን ተዳፋት ለሆነ ሰው ይህ ይበቃዋል። 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ወፍራም ጎማ በውሃ ይሞላል፤ ሁለቱም ጫፍ ተደፍኖ አንዱ ወለሉ ጎድጓዳ ላይ፣ ሌላው ከውሃው ልክ 1 ሜትር ዝቅ ብሎ ጓሮው ላይ ይለቀቃል። መብራት አያስፈልገውም። የሚወጣው ውሃ ለጎመን፣ ለሽንኩርትና ለጌሾ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ሰው በየሳምንቱ ካልሠራው ግን አይሠራም።

ሦስተኛው፣ ወለል ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ቆሻሻውን እንዲስብ መተው፣ በጣም የተለመደውና በጣም አድካሚው ነው። ፓምፑ ኩሱን ይፈጨዋል፤ የተፈጨ ኩስ በማንኛውም ማጣሪያ ለመያዝ ያስቸግራል፣ ፓምፑም በየጥቂት ቀኑ ይደፈናል። ሜዳ ላይ የተሠራ ኩሬ ከሆነ ቱቦው ወደ ፖዜቶው ይምጣና ቆሻሻ ውሃ የሚችል ፓምፕ ከዚያ ያውጣው። ውሃውን ወደ ማጣሪያው የሚያዞረው ፓምፕ ግን ከወለሉ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል፤ ጎማው ቢፈነዳ እንኳ ለዓሣዎቹ ውሃ ይተርፋቸዋል።

በርሜል ወይስ የጠጠርና የቄጠማ መደብ?

ማጣሪያ ሁለት ሥራ አለው፤ ደቃቁን ቆሻሻ ይይዛል፣ በላዩ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይቀይራሉ። 200 ሊትር በሚይዙ ሁለት በርሜሎች የሚሠራው ማጣሪያ ቦታ አይፈጅም። ሆኖም የመጀመሪያው በርሜል ስፖንጅ በየሳምንቱ መታጠብ አለበት። የሚታጠበው በኩሬው ውሃ ነው፤ የቧንቧው ክሎሪን ባክቴሪያውን ይገድላል። መብራት ለሰዓታት ሲጠፋም በተዘጋ በርሜል ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አየር አጥቶ መሞት ይጀምራል። መብራቱ ሲመለስ ከበርሜሉ የሚወጣው የመጀመሪያው የገማ ውሃ ወደ ኩሬው እንዳይገባ በውጭ ይፍሰስ።

ቦታ ላለው ሰው የምንመርጠው የጠጠሩን መደብ ነው። ከኩሬው አጠገብ 1.5 በ1 ሜትር የሆነ፣ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ ተሠርቶ፣ ከሥሩ የተሸነቆረ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይዘረጋል፤ በላዩ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር 40 ሴንቲ ሜትር ይሞላል። ቀይ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ከተገኘ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ለባክቴሪያ ይመቻል፤ ግን ውሃው ጥርት እስኪል ይታጠብ። ውሃው ከሥር ገብቶ በጠጠሩ መካከል ወደ ላይ ይወጣና ወደ ኩሬው ይመለሳል። ላዩ ላይ ቄጠማ ይተከላል፤ ናይትሬቱን ይመገባል፣ ለበዓልም ይታጨዳል። ከሥር ባለው ቱቦ ጫፍ ወደ ላይ የሚወጣ መክፈቻ ካልተሠራለት ከዓመታት በኋላ ዝቃጩን ማጠብ አይቻልም፤ ይህ በጣም የሚረሳ ነገር ነው። በቆላው የውሃው ልክ ከጠጠሩ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ዓሣ የማይደርስበት የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው። ሌላ የውሃ ተክል የሚጨምር ሰው እምቦጭን ከቶ አያስገባ፤ ከኩሬው በጎርፍ አምልጦ ወንዝ ከገባ ጣናን ያየ ሁሉ መጨረሻውን ያውቀዋል።

የፓምፑ ኃይል የኩሬውን ውሃ በ2 ሰዓት አንድ ጊዜ የሚያዞር ይሁን፤ ለኛ ኩሬ በሰዓት 3,600 ሊትር ነው። 50 ዋት የሚፈጅ ፓምፕ ሌት ተቀን ሲሠራ በወር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። ማታ ማታ አጥፍቶ መቆጠብ ስህተት ነው፤ ኦክስጅን የሚያንሰው ሌሊት ነው።

ኮይ፣ ወርቃማ ዓሣ ወይስ ቆሮሶ (ቲላፒያ)?

ኮይ ቅዝቃዜ ይችላል፤ የደብረ ብርሃን ሌሊት አይገድለውም። በ7,200 ሊትር ውስጥ ከ5 በላይ ባይሆኑ እንመክራለን። በ1,000 ሊትር አንድ የሚለው የተለመደው ልክ 7 ይፈቅዳል፤ በዚህ ከፍታና መብራት በሚጠፋበት ሁኔታ ግን ሁለቱን መተው ዋስትና ነው። ወርቃማ ዓሣም ቅዝቃዜ ይችላል፤ ውሃውን ከኮይ ያነሰ ያቆሽሻል፣ 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ጊዜ የሌለው ሰው ከኮይ ይልቅ እርሱን ቢይዝ አይቆጭም። ቆሮሶ ለሸዋ ሮቢት ነው፤ ውሃው ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ይሞታል፣ ስለዚህ ደጋ ላይ አይሞከር። በቆላውም ወንድና ሴቱ አንድ ላይ ከተለቀቀ ይራባል፤ ኩሬው በማያድጉ ጥቃቅን ዓሣዎች ይሞላል። ለምግብ ዓሣ ጫጩት ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይቻላል። የትኛውም ዓሣ ግን ወደ በሬሳም ሆነ ወደ ሮቢ ወንዝ አይለቀቅ።

መኖ የሚሰጠው በውሃው ሙቀት እንጂ በልማድ አይደለም። ከ10 ዲግሪ በታች ምንም አይሰጥም፤ ሆዱ አይፈጭም፣ የማጣሪያው ባክቴሪያም ደንዝዟል። ከ10 እስከ 15 ባለው ጊዜ በሁለትና በሦስት ቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም እኩለ ቀን ላይ ጥቂት ብቻ። ከዚያ በላይ በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል።

የጊዜ አያያዝ

ቁፋሮና ግንባታ ከኅዳር እስከ ጥር ይደረግ፤ መረሬ በክረምት ለቁፋሮ አይመችም፣ ግድግዳውም ይናዳል። ማጣሪያው ከየካቲት ጀምሮ ይሥራ። መጋቢት ላይ ሁለት ዓሣ ብቻ ይግባ፤ ባክቴሪያው እስኪደራጅ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በደጋው እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ አሞኒያና ናይትራይት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመርመር። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ሌሎቹ ይጨመሩ። ዓሣው የመጣበት ከረጢት ተዘግቶ ኩሬው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንሳፈፍ፣ ከዚያ የኩሬው ውሃ ጥቂት ጥቂት ይግባበት።

በየሳምንቱ ከኩሬው 10 በመቶ፣ ማለትም 720 ሊትር ይወጣል፤ በመውጫው ዝቃጩን ሲያስወጡ ከፊሉ በዚያው ይሄዳል። የሚተካው የቧንቧ ውሃ በክፍት በርሜል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆይና ክሎሪኑ ይብነን። በክረምት ኩሬው በዝናብ ውሃ ስለሚሞላ ፒኤችን የሚያረጋጋው ካርቦኔት ይመናመናል፤ ማጣሪያው ራሱም ይጨርሰዋል። ለዚህ ከማጣሪያው መደብ ውስጥ አንድ ጆንያ የኖራ ድንጋይ ጠጠር ማኖር ይበቃል። የተቃጠለ ኖራ ግን አይገባም። ካርቦኔቱ ወርዶ ከተገኘ ለ1,000 ሊትር 30 ግራም የምግብ ሶዳ በባልዲ በጥብጦ በአንድ ቀን ይጨመራል፤ ከዚህ የበዛውን በአንዴ ማፍሰስ ፒኤችን በድንገት ስለሚያናውጥ ዓሣውን ይጎዳል። ለኛ ኩሬ 216 ግራም ነው፤ በማግስቱ ተለክቶ ካነሰ ይደገማል።